ጭስ ጭስ የሚል አረቄ

«ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ የአረቄ መለኪያ የሚመልስ ሰው አልወድም። አልወድም ስል አሳንሼ ነው፤ እንቀዋለሁ። ሰውየው ሽቶ ሊገዛ አልመጣም። ደብረ ታቦር ዳር፣ ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከግንድ በተጠረበ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሳይሞቅ ሁለተኛውን ሊያስቀዳ ነው የመጣው። ቢሆንም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምላሱን ከላንቃው ያላትማል፣ ከዚያ ይፈርዳል። «ዛሬስ ጭስ ጭስ ይላል።» እናቴ ትሽቆጠቆጣለች። «ይቅር በሉኝ፣ እሳቱ አመለጠኝ» ትላለች። ከዚያ ወደ ጓሮ ትሄድና ጭሱ ውስጥ ተመልሳ ትቀመጣለች።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ሳጸዳ ኖሬ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ስሄድ እናቴ አረቄ ታወጣ ነበር፤ በኅዳር ስመለስም አረቄ እያወጣች ነው ያገኘኋት። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ በዚሁ ሥራ ነው። ፊት ለፊት ያለው ቤት መጠጫ ነው። ጓሮ ያለችው ደሳሳ ጎጆ ደግሞ ማውጫዋ ናት። ደንበኞቹ ፊት ለፊት ያለውን እንጂ የጓሮዋን አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም።

አረቄ ሲወጣ ላላየ ሰው ልንገር። የዳጉሳው፣ የብቅሉና የጌሾው ድፍድፍ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። ማሰሮው ይከደንና አፉ ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ የሚወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስከተነከረው ዕቃ ይደርሳል። ከሥር እሳት ይነድዳል። እሳቱ ሲበዛ ድፍድፉ ያርርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል፤ ሲያንስ ደግሞ አይወርድም። ስለዚህ አውጪዋ ከማለዳ እስከ ቀትር ከእሳቱ ፊት አትነሣም። ማገዶው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው፣ ሲጠፋ ኩበት ነው፣ ክረምት ከሆነ ሁሉም እርጥብ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በሩ ይዘጋል። ነፋስ ከገባ እሳቱን ያባብሰዋል ይባላል፤ የባዕድ ዓይን ካረፈበት ደግሞ ድፍድፉ ይበላሻል ይባላል። ይህን የሚሉት ድፍድፍ ዓይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ጎጆዋ ድሮ የሣር ክዳን ነበረች። ሣሩ ጭሱን ቀስ እያለ ያሳልፈው ነበር። እኔ ዓረብ አገር በሄድኩ በዓመቴ በላክሁት ገንዘብ በቆርቆሮ አስለወጥኳት። ፎቶውን ሲልኩልኝ አልቅሼ ነበር፣ በደስታ። ቆርቆሮው ግን ጭስ አያሳልፍም። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ተመልሶ ሰው ራስ ላይ ይቀመጣል። ጥቀርሻው ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነጠላዋ ላይ ጠብ ይላል። ሠለጠንን ብለን እናቴን ቆርቆሮ ከደንንባት፤ ያንን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

በኅዳር እንዳየኋት የደነገጥኩት በሳሏ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትስላለች። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለውን ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ጉንፋን ነው፣ የጉና ብርድ ነው» ትላለች። የጉና ብርድ እኔንም ያሳደገኝ ብርድ ነው፤ እንዲህ አያደርግም። በጥር እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ። ደረቷን አዳመጠና «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት። እናቴ አማተበች። «በስመ አብ ወወልድ! እኔን ነው? ምነው አንተ ልጅ፣ ምን አድርጌህ!» እኔ ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። ስንት ዓመት እሳት ፊት እንደተቀመጠች፣ በሩ ይከፈት እንደሆን፣ ምን እንደምታነድድ አንድ በአንድ ጠየቃት። ከዚያ ትንፋሽ በምትለካ ቧንቧ አስነፋት፣ ለራጅ ላካት፣ አክታ በዕቃ እንድታመጣም አዘዛት። አክታውን ስትሰጥ ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናው ነበር። ያኔ አፍራ ነው ብዬ አለፍሁት።

በሦስተኛው ቀን ለውጤቱ ስንሄድ ሐኪሙ ዘንድ ለብቻዬ ገባሁ። እሷን ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ለምን እንዳላስገባኋት እውነቱን ልናገር፦ ታሰለቸኛለች ብዬ ነው። ስለ ጉልበቷ ታነሣለች፣ ስለ ጥርሷ ታነሣለች፣ የሚነገራትም አይገባትም ብዬ ነው። እኔ ዓረብ አገር የኖርኩ ሴት፣ የእመቤቲቱን አባት ኦክስጂን ስሰካና ስነቅል የኖርኩ ሴት፣ ሐኪም እንዴት እንደሚናገር አውቃለሁ። እሷ ፊደል ያልቆጠረች አረቄ ሻጭ ናት። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ሐኪሙ አክታው ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሳንባ ይህን እንደሚመስል አሳየኝ። የአየር መተላለፊያዋ ጠብቧል፣ የጠበበው ተመልሶ አይሰፋም፣ ከጭሱ ከራቀች ግን ባለበት ሊቆም ይችላል አለኝ። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት። ወጣሁ።

እናቴ ከወንበሩ ብድግ አለች። «ምን አለ?»

«ከጭስ ራቂ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ይኼ አነሰሽ?» ሱቄን ዘግቼ ነበር የመጣሁት፤ ሻርፕና ቀሚስ የምሸጥባት ትንሽ ቡቲክ አለችኝ። መድኃኒቱን እጇ ላይ አስቀመጥሁ፣ እንዴት እንደሚነፋ አሳየኋት፣ ወደ ባጃጁ ተራ ቀድሜ ሄድኩ። ከኋላዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ መጣች። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ኩርፊያ መሰለኝ፤ ታኩርፍ ብዬ ተውኳት።

ከዚያ በኋላ ከጭስ የማውጣቱን ነገር የራሴ ሥራ አደረግሁት። መጀመሪያ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይታደላል ሲባል ሰምቼ ነበር። ለካስ ዕደላው አልፏል፣ ሥልጠናውም አልፏል። የሠለጠኑት ወንዶች ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ምድጃ ተማሩ፤ አንዳቸውም በሕይወቱ እሳት እፍ ብሎ አያውቅም። የታደሉት ምድጃዎች የት እንዳሉ አልጠይቅም፣ አንዱን ግን አይቼዋለሁ። የአንድ ሹም በር ላይ አበባ ተተክሎበታል። አበባውም ደርቋል።

ከዓረብ አገር ያመጣሁት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር። እሱም መብራት ሲኖር ነው፤ መብራቱ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ድፍድፉ ግማሽ ሲደርስ ይሄዳል። ሁለት ማሰሮ ድፍድፍ ከተበላሸ በኋላ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልሁት። ስለዚህ አዲስ ማድ ቤት አሠራሁ። ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ ምድጃው ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ ጭሱ በቧንቧ ከቆርቆሮው በላይ የሚወጣ። ግንበኛው ቧንቧውን ሲተክል «ይኼ ለዳቦ ቤት ነው?» አለኝ። ለእናቴ ነው ስለው ሳቀ። እሱንም ናቅሁት።

ፋሲካ ሰሞን አለቀ። እናቴ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች፣ መረቀችኝ፣ ዕንባዋ መጣ። ሁለት ሳምንት እዚያ አወጣች። ጭሱ በቧንቧው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲሄድ ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳየው ሌላ ነገር አያምረኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ የረሳሁትን ልወስድ ከሱቅ ስመለስ አዲሱ ማድ ቤት ተዘግቷል። ጭሱ ከአሮጌዋ ጎጆ ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ እየተንፈቀፈቀ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት በሩን ከፍቼ።

«አልሆነልኝም። ነፋሱ ይበዛል። አረቄው ጣዕሙ ጠፋ አሉ።»

«ማነው ያለው?»

ያለው ጡረተኛው ነው። ይህን ሰውዬ ማስተዋወቅ አለብኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ሲያደርግ ኖሮ የወጣ ሰው ነው። ማኅተሙን ቢቀሙትም መፍረዱን አልተወም። ከደንበኞቹ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ በበሩ ትይዩ ያለችው ቦታ የእሱ ናት፣ እሱ ጥሩ ነው ካለ ሌሎቹም ጥሩ ነው ይላሉ። በአዲሱ ማድ ቤት የወጣውን ቀምሶ «ይኼ ውሃ ነው። አሮጌው ቤት ነው አረቄውን አረቄ የሚያደርገው» ብሎ ፈረደ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ የእናቴን ሳንባ የሚያቃጥለው ቤት ለእነሱ ጉሮሮ ቅመም ነው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የማድ ቤቱ ዕጣ ነው። ባዶውን ከሚቀመጥ ተብሎ አግዳሚ ገባበት። ቧንቧው ወፍ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወተፈ። ጡረተኛውና ሁለት ጓደኞቹ ለብቻቸው የሚጫወቱበት ልዩ ክፍል ሆነ። «አቤት፣ አየሩ እንዴት ደስ ይላል!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ከጓሮ ጭስ ውስጥ እየወጣች እዚያ ንጹሕ አየር ውስጥ ትቀዳላቸዋለች።

ሌላም የሚያበሽቀኝ ነገር ነበር። እናቴ ከእኔ ጋር መብላት አቁማለች። ከኅዳር እስከ ጥር ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የራሷን በትንሽ ሳህን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነው፤ እኔ ከነካሁት ትቀማኛለች። ልስማት ስጠጋ ጉንጯን ታዞራለች። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ግን ለራሴ ነገርኩት። ዓረብ አገር የኖረች፣ የእነሱን ሥጋ የበላች ሴት ናት ብላ ተጸየፈችኝ አልኩ። ሰፈሩም ያን ያወራል፤ ከዚያ የሚመለሱ ሴቶች ቄደር ካልተጠመቁ፣ ማለት ቄስ ጸልዮ ጠበል ካልረጫቸው፣ ማዕድ አይቀርቡም የሚሉ አሉ። የንስሐ አባቷም አንድ ቀን ነካ አድርገውልኛል።

በእልህ ሄጄ ተጠመቅሁ። ግንቦት ነው፣ ጠበሉ ግን የጥር ያህል ይቀዘቅዛል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ቤት ገባሁና «ይኸው፣ ነጻሁ» አልኳት። «እሰይ ልጄ፣ እንኳን አደረግሽው» አለችኝና ሳህኗን ይዛ ጥግ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴንም ከሚናቁት ሰዎች መዝገብ ጻፍኳት። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው።

ክረምቱ ገባ። ማገዶው ረጠበ። በሐምሌና በነሐሴ ከዚያች ጎጆ የሚወጣው ጭስ ቢጫ ነበር። እናቴ በሩን ዘግታ ውስጥ ትስላለች፤ እኔ ውጭ ቆሜ እቆጣለሁ። «በገዛ እጅሽ ነው የምትሞቺው» እላታለሁ። መልሷ አንድ ነው፤ «ደንበኞቹ እንዳይሸሹ ነው።» እንግዲያው ደንበኞቹን ላዋርዳቸው ብዬ ወሰንሁ። እነሱ ከተዋረዱ እሷ የምትፈራው ነገር አይኖርም ብዬ ነው።

ጳጉሜን ላይ ሁለት ቀን ሱቄን ዘጋሁ። የቧንቧውን ውታፍ ነቅዬ፣ አግዳሚያቸውን ወደ ውጭ ጥዬ፣ በአዲሱ ማድ ቤት ራሴ አወጣሁ። እጄ አልረሳውም፤ ከመሄዴ በፊት ስንት ዓመት ከሥሯ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የእኔን አረቄ በእሷ ጠርሙስ፣ የእሷን በእኔ ጠርሙስ ገለበጥሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሲሰበሰቡ አቀረብኩላቸው። «ይኼ የአሮጌው ቤት ነው፣ ይኼ የአዲሱ ነው፤ እስቲ ፍረዱ» አልኳቸው።

ጡረተኛው ጋቢውን አስተካክሎ ቀመሰ። የእኔን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። «እህ! ይኼ ነው የእናትሽ እጅ። ይኼ የአሮጌው ቤት ነው።» የእሷን ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ። «ይኼኛው ዘመናዊ ነው፣ ነፍስ የለውም።» ጓደኞቹም አንድ ባንድ ቀምሰው ያንኑ አሉ። ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ ነገርኳቸው። ምላስ የላችሁም፣ ያላችሁ ጉሮሮ ብቻ ነው አልኳቸው። ለእናንተ ተብሎ ሴትዮዋ ጭስ ውስጥ እየሞተች ነው አልኳቸው። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ መለኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ጡረተኛው ተነሣና «ሴት ልጅ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ አትመለስም፤ የሚመለሰው ሌላ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያን ዕለት እንደኔ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አይታለች። መለኪያዎቹን ሰብስባ ገባች። በማግሥቱ ማለዳ ስነቃ ጭሱ ከአሮጌዋ ጎጆ እየወጣ ነው።

መስከረም ገባ፤ ደንበኞቹም ጥቂት ቀን ሸሽተው ተመለሱ። አንድ ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ወጥታለች። ያኔ ያደረግሁት እብደት ነው። መዶሻና ጉጠት ይዤ ሄድኩና የጎጆዋን በር ከማጠፊያው መንቀል ጀመርሁ። ከውስጥ ትጮኻለች። «ተይ! ኧረ ተይ ልጄ! ዝጊው!» አልሰማኋትም። በሩ ወደ ውጭ ወደቀ፣ ጭሱ ተከትሎት ወጣ። እናቴ እሳቱ ፊት ተንበርክካ፣ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትስላለች። ሳሉን ወደ ውስጥ ለመመለስ ጨርቁን በጥርሷ ነክሳዋለች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

«አውጪው!» ብዬ ነጠላውን ሳብሁት።

«ይሰሙኛል» አለች። ትንፋሽ እየቆረጣት፣ በሹክሹክታ። «መጥተዋል፣ ይሰሙኛል። በአዲሱ ቤት ጊዜ ሰምተውኝ፣ ‹ጭስ በሌለበት ምን ያስላታል?› ብለው ተጠያይቀዋል። እዚህ ብስል የጭስ ነው ይላሉ። ጭስ በሌለበት ብስል ምን ልበላቸው?»

«ያመመሽን በያቸዋ!»

«ሳንባ ነቀርሳ አለብኝ ልበላቸው?» አለችኝ። «ከታች የነበረችዋ ጠላ ሻጭ ሳንባ ያዛት ሲባል፣ አንቺ አገር ቤት በሌለሽ ጊዜ፣ ከእጇ ውሃ የጠጣ ሰው የለም። ድና እንኳ ማንም አልመጣላትም። ብርጭቆዋን ልጆች በድንጋይ ሰበሩት። አንቺም እኮ አውቀሽ ነው የደበቅሽኝ። አክታዬን ወስደው፣ ለብቻሽ ጠርተው ነግረውሽ፣ ‹ከጭስ ራቂ› ብቻ ብለሽኝ ሄድሽ። እኔ እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። እኔም አላወቅሁም መስዬ ዝም አልሁ። ወደ አንቺ እንዳይሻገር ብዬ ሳህኔን ለየሁ፣ ጣሳዬን ለየሁ።»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሳንባ እንዳልያዛት፣ አክታዋ ንጹሕ እንደሆነ፣ የያዛት ወደ ማንም የማይሻገር የጭስ በሽታ እንደሆነ ነገርኳት። ደግሜ ነገርኳት። ራሷን እየነቀነቀች ታየኛለች። «አይ ልጄ፣ አሁንም ልታጽናኚኝ ነው» አለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ የዘጋሁባትን ነገር አሁን ስለነገርኳት ለምን ታምነኛለች? በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ከጡቷ ሥር አውጥታ አሳየችኝ። የሳንባ መድኃኒት መስሏት ሰው እንዳያይባት ሽንት ቤት ገብታ ነበር የምትነፋው። ብዙ ቀንም ሰው ስለሚበዛ ሳትነፋ ታድር ነበር።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ወሰድኳት። ያንኑ ሐኪም ጠብቀን አገኘነው። ይህን ጊዜ አብራኝ ገባች። «ዶክተር፣ እኔን ተዉኝና በአፍዎ ለእሷ ንገሯት» አልሁት። ልጁ ግራ ገባው፣ ነገር ግን ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠ። «እማማ፣ ቲቢ የለብዎትም። በጥርም አልነበረብዎትም። ከሰው አልመጣብዎትም፣ ወደ ሰውም አይሄድም። የጭስ ነው» አላት። ለመናገር የፈጀበት ጊዜ መቀነት የማጥበቅ ያህል ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱም የማይገባት አልነበረም።

ልጁ ደረቷን አዳመጠ፣ በዚያችው ቧንቧ አስነፋት፣ ካርዷን ገልጦ ከጥር ወሩ ጋር አስተያየው። ፊቱ ተለወጠ።

«በጣም ቀንሷል» አለ። «በጥር የነበረዎት ትንፋሽ አሁን የለም። የሄደውን መመለስ አልችልም፤ ይህን ነግሬ ነበር እኮ። ከጭስ እንዲርቁ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እንዲወስዱ፣ ሁሉንም አስረድቼ ነበር። ልጅዎ አልነገረችዎትም?»

እኔ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ነግራኛለች» አለች። «አንድም ሳታስቀር ነግራኛለች። እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»

ልጁ እኔን በሐዘኔታ አየኝ። ሽማግሌ አስቸጋሪ ነው እንደማለት ትከሻውን ነቀነቀልኝ። ያንን ፊቱን መቼም አልረሳውም፤ እኔም ስምንት ወር ሙሉ ለብሼው የኖርኩት ፊት ነው።

በሩ ላይ ባጃጅ ስንጠብቅ በግድግዳው ተደግፋ ቆመች። እጇን ስይዛት አልከለከለችኝም።

«ለዶክተሩ የዋሸሁት ሰው ፊት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው» አለችኝ። «አንቺ ግን ሰው ብለሽ አልቆጠርሽኝም። ሰው ብለሽ ብትቆጥሪኝ ትነግሪኝ ነበር።»

ባጃጁ መጣ። አንድ እግሯን አስገብታ፣ የባጃጁን ብረት ጨብጣ፣ ትንፋሽ እስክታገኝ ቆመች። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋና «እማማ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ሥራ አለን!» አለ። ልሰድበው ዞርሁ። ተውኩትና ወገቧን ደግፌ እስክትገባ ጠበቅሁ።